ቤት ሆናችሁ ለምትሠሩ

ልጆቼ፣

ከቤት መሥራት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ትጋትና ስንፍና ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ አገር የሚሠራን ወጣት ከአሠሪው ጋር የሚያጣላው ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ያልታሰበበት መብራትና ያልተጣራ ሰዓት ነው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ድርግም ይላል። ስለዚህ መጠባበቂያ መጀመሪያ የሚገዛው ለራውተሩ ነው። ገልብጣችሁ የተጻፈበትን አንብቡ፤ 12 ቮልት 1 አምፔር ወይም 9 ቮልት ይላል። የምትገዙት የራውተር ባትሪ ቮልቱ ከዚያ ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ራውተሩ የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው። ባለ 9 ቮልቱን 12 ላይ ከሰካችሁት ግን ሊቃጠል ይችላል። ሻጩ «10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይይዛል» ቢላችሁ ራሳችሁ አስሉት። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ውስጥ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት 10 አምፔር ሰዓት ነውና፣ 10 በ3.7 ተባዝቶ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። 8 ዋት ለሚበላ ራውተር፣ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 4 ሰዓት ቢደርስ ነው። መብራት ሲመጣም አትቸኩሉ። ቻርጀሩን መብራቱ እንደጠፋ ንቀሉና፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

የኒውዮርክ ጠዋት 9:00 ከማርች እስከ ኖቬምበር በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ 11 ሰዓት። የሚቀየረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። የእኛ ሰዓት ስለማይነቃነቅ ማንም አያስታውሳችሁም፤ ሁለቱን ቀኖች ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ለቤተሰብ የሥራ ሰዓታችሁን አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሩ። ቡናውን ግን እንቢ አትበሉ። እናታችሁ ቡና የሚያፈሉበትን ሰዓት ዕረፍታችሁ አድርጉት፤ ከአቦል በኋላ ብትነሱ ማንም አይቀየማችሁም።

ሙያ መማርን በተመለከተ፣ ቪዲዮ በማየት ብቻ እጅ አይፈታም። 10 ደቂቃ አይታችሁ ዝጉትና ያያችሁትን ከባዶ ገጽ ሥሩት። ኤክሴል የምትማሩ ከሆነ ደግሞ የሰፈራችሁን ሱቅ የአንድ ወር ሽያጭ መዝግቡ፤ መጽሐፍ ላይ የማታገኙትን ችግር ያሳያችኋል። ለምሳሌ ቀን በሚቀድምበት አቀማመጥ ጥቅምት 28ን 28/2/2017 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 28 ነው ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ስትሉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንንም፣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ እንዲሁ ያደርጋል። ዝርዝሩን በቀን ቅደም ተከተል ስታስተካክሉ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ይቀራል፤ ብዙዎች ቀመሩ ተበላሸ ብለው ሙሉ ቀን ያባክናሉ። መፍትሔው ዓመት፣ ወርና ቀኑን አያይዞ እንደ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው፤ 20170230። እንዲህ ከሆነ ጳጉሜን 5ም፣ 20171305 ተብሎ፣ ቦታውን ይይዛል። በሁለት ቀናት መካከል ስንት ቀን እንዳለ ማስላት ሲያስፈልጋችሁ ግን ይህ ቁጥር አይበቃም፤ አጠገቡ ባለው ዓምድ የፈረንጁን ቀን ጨምሩበት።