ከሲ5 እስከ ሲ7 ለተሠራ የአንገት ቀዶ ሕክምና ኮድ አሰጣጥ፦ ለኮምቦልቻዋ እህት

እህቴ፣ አብሽሪ፤ የጠየቅሽው ብዙ ኮደር (የሕክምና ሥራን ለክፍያ ወደ ኮድ የሚለውጥ ባለሙያ) የሚሰናከልበት ቦታ ነው። የልምምድ ፋይልሽ ላይ ሐኪሙ በአንገት ፊት በኩል ገብቶ ከሲ5 እስከ ሲ7 (ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው የአንገት አጥንት) ያሉትን ዲስኮች አውጥቷል፣ ህብለ ሰረሰሩን ከጫና አላቅቋል፣ አጥንቶቹ እንዲጋጠሙ በዲስኩ ቦታ ኬጅ (መደገፊያ) አስገብቶ በፕሌት (በብሎን በሚታሰር ሳህን) አስሯል። አንቺ 22551ን (ዲስክ አውጥቶ አጥንት የማጋጠም ኮድ) እና 63075ን (ዲስክ ብቻ የማውጣት ኮድ) ሦስት ሦስት ጊዜ ብትጽፊ ውድቅ ሆነብሽ። እኔ ደሴ ተቀምጬ ለአሜሪካ ክሊኒኮች የክፍያ መጠየቂያ ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል፤ በአንገት ቀዶ ሕክምና ክፍያ ሲታገድ በብዛት ያየሁት በአቆጣጠር ምክንያት ነው።

አጥንቱን ተዪና ክፍተቱን ቁጠሪ። ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 ሦስት አጥንቶች ናቸው፤ ዲስኩ ያለው ግን በመካከላቸው ስለሆነ ክፍተቱ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው 22551፣ ለሁለተኛው 22552። ኬጁም በክፍተት ስለሚቆጠር 22853 ሁለት ጊዜ ይገባል። ፕሌቱ ሲሆን አቆጣጠሩ ወደ አጥንት ይዞራል፤ 22845 ከ2 እስከ 3 አጥንት የያዘውን በአንድ ይጠቀልላል። በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ዓይነት ቆጠራ! ሰውን የሚያምታታው ይኸው ነው።

63075 ይውጣ። ዲስክ ማውጣቱና ነርቩን ማላቀቁ 22551 ውስጥ አሉ። በዚያው ክፍተት ላይ ደግሞ መጻፍ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው፤ ኢንሹራንሱ መከልከሉ ተገቢ ነው። 63075 የሚያገለግለው አጥንቶቹ ሳይጋጠሙ ዲስክ ብቻ ሲወጣ ነው።

ፕሌቱን ከዘገባው ርዕስ አትውሰጂ፤ ወርደሽ ዝርዝሩን አንብቢ። አንዳንድ ኬጅ የራሱ ብሎን አለው። ብሎኖቹ ኬጁን ራሱን ብቻ የሚያስሩ ከሆነ 22845 አይጠየቅም። «ፕሌቱ በሲ5፣ በሲ6 እና በሲ7 ፊት ላይ ተቀምጦ በብሎን ታሰረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኘሽ ግን ያለ ስጋት ጻፊው። ዘገባው ካልለየው ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ በግምት መሙላት ፈጽሞ አይገባም።

ከአንገት ኋላ በኩል የተሠራ ፋይል ሲመጣ ሌላ የኮድ ቤተሰብ ነው። በጥበት ምክንያት ላሚና (የአከርካሪ አጥንቱ የኋላ ክፍል) ተነሥቶ የነርቭ መውጫው ከሰፋ 63045 ነው፤ አንድ ጎንም ሆነ ሁለት ጎን ስለሚያካትት ሞዲፋየር 50 (ሁለቱም ጎን መሠራቱን የሚያሳይ ተቀጥላ ቁጥር) አይጨመርበትም። ለተንሸራተተ ዲስክ የሚሆነው 63020 ግን የአንድ ጎን ኮድ ነው፤ ሁለቱም ጎን ከተሠራ 50 ያስፈልገዋል።

የምርመራ ኮድሽ ላይ ያስገባሽው ኤም 54.2 የአንገት ሕመም ማለት ብቻ ነው፤ ከዲስክ ችግር ኮድ ጋርም አብሮ አይሄድም። ህብለ ሰረሰሩ በዲስኩ መጎዳቱ ስለተጻፈ ለሲ5-ሲ6 ኤም 50.022፣ ለሲ6-ሲ7 ኤም 50.023 አድርጊና መልሰሽ ላኪው።