ለታዳጊዎች ክፍል መዋጮ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን አንድ ክፍል እናዘጋጅ፣ ገንዘቡንም ከነዋሪው እናሰባስብ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ብዙ ሰው ጥያቄ ይዞ መጣ። እኔ ረጅም ዘመን በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥም ነኝ። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል የማውቀውን ልንገራችሁ።

ማንበቢያ አዳራሽ አለ አይደል? ሌላ ክፍል ለምን ያስፈልጋል?

አዳራሹ ጸጥታ ይፈልጋል። ታዳጊ ልጅ ደግሞ አብሮ ሲያጠና ያወራል። ሁለት ልጆች አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ "እሽሽ" ብዬ ስንቴ ዝም አሰኝቻለሁ! አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ልጆቹ እየተማሩ ነበር፤ ቦታው ነው ያልተመቻቸው።

የ12ኛ ክፍል ውጤትን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። አንድ ክፍል ይህን ብቻውን አይለውጥም። ግን ቤቱ ጠባብ የሆነበት፣ መብራት የሚቸግረው፣ የሚጠይቀው ሰው ያጣ ልጅ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። ሌላ አገርም ይህን ያሰቡ አሉ። በቺካጎ ዋናው ቤተ መጻሕፍት በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ለታዳጊዎች ብቻ የሚሆን ቦታ ተከፍቷል። እዚያ ልጆቹ ያወራሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ይሠራሉ። እኛ እንደ አቅማችን ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳና ሶኬት ይበቃናል።

ሰው ኑሮ ከብዶታል። ከጦርነቱ ገና አላገገምንም። ስለ ላይብረሪ ማን ይሰማናል?

እኔም ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ2018 ስምንተኛ ክፍል ነው። በመካከሉ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጣ። እነዚህ ልጆች የጎደለባቸው ነገር አለ። ያጎደሉት ግን እነሱ አይደሉም። የተቸገረን ሰው ብዙ አትጠይቁ። አሥር ብር የሚሰጠውንም በአሥር ብሩ አክብሩት። ሊሰጥ ያልቻለውን ደግሞ ደጁን ደጋግማችሁ አታንኳኩ።

ከየት እንጀምር? ከነጋዴዎች ወይስ ከመንግሥት?

ከቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን። አባላቱ ይታወቃሉ፣ ዳኛ አለው፣ ወር በወር ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀብርበት ቅሬ ሞልቷል። ይህን የሚያህል እምነት አዲስ ኮሚቴ በአንድ ዓመት አይገነባም።

ሂሳቡን እዩት። 120 አባወራ ያለው አንድ ቅሬ፣ በሰው 10 ብር በወር ቢጨምር 1,200 ብር ይሆናል። አሥር ቅሬ ቢስማማ በወር 12,000፣ በዓመት 144,000 ብር ነው። ከአንድ ባለሀብት ይህን ያህል ብታገኙ አንድ ጊዜ ነው። ከቅሬ ካገኛችሁት ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ አባሉም "የኔ ክፍል" ይላል።

ነገር ግን ከዋናው የቅሬ ገንዘብ አትንኩ። እሱ የቀብር ነው። ይህኛው ተጨማሪ፣ በፈቃደኝነት የሚሰጥ፣ በሌላ መዝገብ የሚያዝ ይሁን። ዳኛውን አስቀድማችሁ ቤቱ ሄዳችሁ አናግሩት። ስብሰባ ላይ ድንገት ሐሳቡን ብትጥሉ ጥሩው ነገር ይበላሻል።

ነጋዴዎቹን በኋላ ሂዱባቸው። ፒያሳም ሸዋ በርም ያለው ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "የሰፈሩ ሰው ምን አለ?" ብሎ ነው።

በየትኛው ወር እንጠይቅ?

መስከረም ላይ አይሆንም፤ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ጥር ሠርግ ነው። የጾም ወቅት ጥሩ ነው፤ ሰው እጁ ይፈታል። በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ አንድ ሳምንት ውስጥ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ወቅት ለእኛ ከተማ በረከት ነው።

ለዚህ ሥራ ዘካ መቀበል ይቻላል?

ራሳችሁ አትወስኑ። የዘካ ተቀባዮች በቁርአን የተዘረዘሩ ስምንት ወገኖች ናቸው። የንባብ ክፍል በቀጥታ እዚያ ውስጥ የለም። ዑለማዎችን ጠይቁ። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው፤ በሰደቃ ስም ጠይቁ፤ ይህንንም በግልጽ ተናገሩ። ሰው ዘካዬን አወጣሁ ብሎ እንዲሳሳት ማድረግ ትልቅ በደል ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩልም እንዲሁ፣ አሥራት ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

ቶምቦላ ብናዘጋጅስ?

ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ አይሆንም። ባዛርና የቡና ጠጡ ዝግጅት ይቀላል።

ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ጠበቅ በሉ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ገንዘብ አሰባስበን ነበር። ቸኩለን በአንድ ሰው የግል ሂሳብ አስገባነው። ሰውየው ታማኝ ነበር። ግን ታመመ፤ ገንዘቡ ወራት ተቀመጠ። ሰው ማማት ጀመረ። መደርደሪያው በመጨረሻ ተሠራ፤ የዚያ ሰው ስም ግን እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠራም። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን ከሚያስተዳድረው መምሪያ ደብዳቤ ይኑራችሁ። መዋጮ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ፈቃድም እዚያው ጠይቁ። የባንክ ሂሳቡ በጋራ ይከፈት። ሦስት ፈራሚ ይኑር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይፈርሙ አንድ ብር አይውጣ። ቴሌብር ምቹ ነው፤ በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ገበያ ላይ ያለችው እናትም ትጠቀምበታለች። ነገር ግን በግለሰብ ስልክ አትቀበሉ፤ በቀጥታ ወደ ጋራ ሂሳቡ ይተላለፍ። ለአምስት ብርም ደረሰኝ ቁረጡ።

ዕቃ የሚሰጥ ሰው ይመጣል። ወንበርም ሆነ ኮምፒውተር፣ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ሆኖ ገቢ ይደረግ። አለዚያ በሁለተኛው ዓመት የት እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም። የገቢና የወጪ ወረቀት በየወሩ በሩ ላይ ይለጠፍ።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ፋብሪካዎችን እንዴት እንጠይቅ?

ብር ሳይሆን ነገር ጠይቁ። ከብረታ ብረት ፋብሪካ መደርደሪያ፣ ከጨርቃ ጨርቅ መጋረጃ። ኃላፊው ገንዘብ ለመስጠት የቦርድ ውሳኔ ሊጠብቅ ይችላል፤ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል። መለኪያውን፣ ቁጥሩንና ማን እንደሚያጓጉዝ በደብዳቤው ጻፉ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ይረዱናል። መጽሐፍ ይላኩ?

ከመላካቸው በፊት ዝርዝር ስጧቸው። ያለ ዝርዝር የሚመጣ ሳጥን አብዛኛው ልጆቻችን የማይፈልጉት ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ከፍቼ አዝኛለሁ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አስታውሱ። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳትሞ ከሽያጩ ገንዘብ አሰባሰበ፤ አገሩ ተመልሶም በ1995 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። መጀመሪያ ያየው እዚህ ያለው ልጅ በራሱ ቋንቋ የሚያነበው ማጣቱን ነው።

ቲቸር፣ እኛ ተማሪዎች ብር የለንም። ምን እናድርግ?

ኮሚቴው ውስጥ ግቡ! ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ለማየት ብቻ ሳይሆን ድምፅ ለመስጠት። ክፍሉ ምን እንደሚያስፈልገው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅሬ ስብሰባ ላይ ቆማችሁ "ማታ የት እንደምናጠና ልንገራችሁ" ብትሉ፣ እኔ አንድ ሰዓት ከማወራው ይበልጣል። ቀለም መቀባትና የቆዩ መጻሕፍት መጠገንም የእናንተ ሥራ ይሁን።

እትዬ፣ ሴት ልጄን ብልክ ሲመሽ እንዴት ትመለሳለች?

ልክ ነሽ እህቴ፣ ይህን ሳንመልስ ብር መሰብሰብ የለብንም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፤ ውሃም ይኑረው። ከመዋጮው የመጀመሪያው ወጪ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ክፍሉ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ። የደሴ ጉም ሲወርድ ደግሞ ቶሎ ይጨልማል፤ ክረምት ላይ ከዚያም ቀደም ይበል። ሁልጊዜ አንድ ኃላፊነት ያለው ትልቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው አይኑር። ይህ በጽሑፍ ይለጠፍ።

ክፍሉ ከተመረቀ በኋላስ?

ብዙ ሥራ የሚሞተው እዚህ ነው። ሪባን ይቆረጣል፤ በሦስተኛው ወር አምፖል ይቃጠላል፤ የሚተካው የለም። አሜሪካዊው ባለሀብት አንድሩ ካርኔጊ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። ግን እንዲሁ አይሰጥም ነበር። ከተማው መሬቱን ያቅርብ፣ ለሕንፃው ከሰጠው ገንዘብ 10 በመቶ የሚሆነውንም በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ ይመድብ ይል ነበር። እኛም እንዲሁ እናስብ። 300,000 ብር ካወጣን፣ በዓመት ቢያንስ 30,000 ብር ከየት እንደሚመጣ ዛሬ ይጻፍ። የቅሬው 10 ብር የሚያስፈልገው በተለይ ለዚህ ነው። ክፍሉን የሚጠብቀው ሰውም አበል ይቆረጥለት። በነፃ የሚሠራ ሰው ለጥቂት ወር ይሠራል፤ ቤተሰብ አለው፣ ልንፈርድበት አንችልም።

ቁልፉ ማን ጋር ይሆናል?

አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋር፣ ሌላው ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር። የሁለቱም ስምና ስልክ በሩ ላይ ይጻፍ፤ ልጅ መጥቶ ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ማንን እንደሚጠራ ይወቅ።