ውድድር ማስተናገድ የነዋሪውን ዐይን ይለውጣልን?

ጥያቄ፦ ከተማችን ደብረ ብርሃን ታላላቅ የስፖርት ውድድሮችን ብታስተናግድ፣ እኛ ነዋሪዎቿ ለእርሷ ያለን አመለካከት በእርግጥ ይለወጣልን?

መልስ፦ ይለወጣል፤ ለውጡ ግን ሁልጊዜ ወደ በጎ አይደለም። ባርሴሎና ለ1992 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ ስትዘጋጅ፣ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ጋርዶት የነበረውን የባሕር ዳርቻዋን ለሕዝብ ስለከፈተች ነዋሪዋ ኮርቶባታል፤ ሞንትሪያል ግን የ1976ቱን ኦሎምፒክ ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 በመሆኑ፣ ስታዲየሟ ለብዙዎች የዕዳ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው ደብረ ብርሃን የሚሻለው፣ አዲስ ስታዲየም የማይጠይቀው የጎዳና ሩጫ ይመስለኛል (ብርዱን እንግዶቹ ይቻሉት!)። ነዋሪው በደጁ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ በብርድና በብርድ ልብስ ስሟ የሚነሣውን ከተማ በሌላ ዐይን ያያታል፤ መንገድ የሚዘጋበት ሰዓት ለባለጋሪውና ለባለሱቁ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን፣ ከበዓሉ ይልቅ የሚወራው ቅሬታው ነው።