የኑክሌር ቆሻሻን በፎስፌት መስታወት ማሰር

ጥያቄ፦ የኑክሌር ቆሻሻ በመስታወት እንደሚታሰር አነበብሁ። በቀላሉ የሚሰበር ነገር ለዚህ እንዴት ይታመናል? ብዙ አገሮች ቦሮሲሊኬት የተባለውን (ቦሮንና ሲሊከን ያለበትን) መስታወት ሲጠቀሙ ሩሲያ ፎስፌትን (ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበትን) የመረጠችውስ ለምንድን ነው? (የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መስታወቱ ቆሻሻው የሚጨመርበት ዕቃ አይደለም። ፈሳሹ ቆሻሻ ከመስታወት መሥሪያ ግብዓቶች ጋር አብሮ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ፣ እንደ ሲዚየምና ስትሮንሺየም ያሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች የመስታወቱ አካል ይሆናሉ፤ ስለዚህ ቢሰነጠቅ እንኳ የሚፈስ ነገር የለም። የሚያሰጋው የከርሰ ምድር ውኃ በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ አጥቦ እንዳያወጣቸው ነው።

ፈሳሹን እንዳለ ማቆየት የሚያስከትለውን አደጋ በሩሲያ በኡራል ተራሮች አካባቢ የሚገኘው የማያክ የኑክሌር ተቋም በራሱ ላይ አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ማቀዝቀዣው የተበላሸበት የቆሻሻ ጋን ፈንድቶ ሰፊ አካባቢ በጨረር ተበክሏል። በዚያው ተቋም በ1987 በፎስፌት መስታወት ማሰር ተጀመረ። የማያክ ቆሻሻ ሶዲየምና አሉሚኒየም የበዛበት በመሆኑ፣ እነዚህኑ ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚቀበለው የፎስፌት መስታወት ተስማማው፤ ከቦሮሲሊኬት ባነሰ ሙቀት መቅለጡም ሌላ ጥቅም ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ጥቅሙ ግን ሰልፌትና ሞሊብዲነም በበዙበት ቆሻሻ ላይ ይታያል። በቦሮሲሊኬት ውስጥ ሰልፌት ከአንድ በመቶ ግድም ካለፈ አይሟሟም፤ ሞሊብዲነምም ሲበዛ እንዲሁ ተለይቶ ይወጣል። በቅላጩ ላይ የሚንሳፈፈው ይህ ቢጫ ጨው በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ከመሆኑም በላይ ሲዚየምን ይዞ ይወጣል። ፎስፌት ሁለቱንም በተሻለ መጠን ይቀበላል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። የቀለጠ ፎስፌት የምድጃውን ጡብና ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ ወደ ቅላጩ የሚያስገቡትን ክፍሎች) ይበላል፤ የማያክ የመጀመሪያው ምድጃ ያገለገለው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ፎስፈረስን ከፎስፈረስ የሚያገናኘውን የኦክስጅን ድልድይ ደግሞ ውኃ በቀላሉ ይሰብረዋል። በ1984 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እርሳስና ብረት ያለበትን የፎስፌት መስታወት ይፋ ሲያደርጉ፣ ቀጥሎም በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ተመራማሪው ዴልበርት ዴይ እርሳሱን ትቶ በብረት ላይ ሲያተኩር፣ ዓላማው ይህን ድልድይ ውኃን በሚቋቋም የብረትና የፎስፈረስ ትስስር መተካት ነበር።

በእኔ እምነት የፎስፌት ትክክለኛ ቦታ ቦሮሲሊኬት እምቢ ያለው ቆሻሻ ነው። በዚያም ቢሆን ሙቀቱን መቆጣጠር ግድ ይላል፤ ሲዚየምና ስትሮንሺየም በየ30 ዓመቱ ግድም በግማሽ እየቀነሱ ለረጅም ጊዜ ሙቀት ስለሚሰጡ፣ በደንብ ያልቀዘቀዘ የፎስፌት መስታወት ወደ ክሪስታል ሊለወጥና ውኃን የመቋቋም አቅሙን ሊያጣ ይችላል።