«ወፍ ስጠብቅ ዋልኩ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥቼ በስንዴ ማሳዎች መሃል ወፍ አያለሁ። አሁን አጨዳ ነው። ረጃጅም ቀይ እግር ያላቸው ነጭና ጥቁር ወፎች ኮምባይነሩን እየተከተሉ አይጥና ፌንጣ ይለቅማሉ። ባለፈው ሸዋ ሮቢት ላለችው እናቴ ደውዬ «ዛሬ ወፍ ስጠብቅ ዋልኩ» ብላት፣ «በሐምሌ የምን ማሽላ ኖሮ ነው ልጄ?» አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ እናትዎ በትክክል ነው የሰሙዎት። ወፍ መጠበቅ በማሽላ አገር የታወቀ ሥራ ነው። ማሽላው እሸት ሲሆን ማሳው መሃል ማማ ይሠራል። ልጆች ከንጋት ጀምረው እዚያ ላይ ይውላሉ። ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ዋናው ጠላት ግሪሳ ነው። ትንሽ ወፍ ናት፤ ግን በመንጋ ስትወርድ ማሳ ታራግፋለች።

አሁን ቃሉን ልብ ይበሉልኝ። «በግ ጠባቂ» ስንል የሚጠበቀው በጉ ነው። «ወፍ ጠባቂ» ስንል ግን የሚጠበቀው እህሉ ነው፤ ወፉማ ይባረራል። አሠራራቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው! ሙሉው ሐሳብ «እህሉን ከወፍ መጠበቅ» ነው። ገበሬው እህሉን መጥራት አላስፈለገውም፤ ማሳው ፊቱ ነዋ። እንዲህ ያለውን የቃል ቁጠባ በጣም እወደዋለሁ።

ወፎች እንዳይጠፉ ስለሚደረግ ሥራ ስንጽፍም ይኸው ነገር ያደናግራል። «የአዕዋፍ ጥበቃ» ማለት ይሻላል። አዕዋፍ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «አዕዋፎች» አያሻውም።

ለእርስዎ ጉዳይ «ወፍ ማየት» ይበቃል። «ምልከታ» ለጽሑፍ ያምራል። እየቆጠሩና እየመዘገቡ ከሆነ «ቅኝት» ሊሉት ይችላሉ። ለእናት ስልክ ግን ሁለቱም ይከብዳሉ።

ወቅቱም አለ። የጀርመንን ሐምሌ «በጋ» ቢሉት ፀሐዩን ይገልጻል፤ እናትዎ ግን ታኅሣሥና ጥርን ያስባሉ። «ክረምት» ቢሉት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ይታያቸዋል። ያኔ ሸዋ ሮቢት ማሽላው ገና ቡቃያ ነው፤ መገረማቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ወቅቱን ትተው ወሩን ይጥሩ።

ኮምባይነሩን የሚከተለው ወፍ ሽመላ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ እኛም አገር ይታያል። እናትዎ ያውቁት ይሆናል። እንግዲህ ቅዳሜ ሲደውሉ፣ «እማዬ፣ እዚህ በሐምሌ ስንዴ ይታጨዳል፤ ሽመላ ሳይ ዋልኩ» ይበሏቸው።