ካርቱን አፉን የፈታበት ዘመን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ መጀመሪያዎቹ ድምፅ ያላቸው ካርቱኖች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ያለው የመጀመሪያው ካርቱን የሚኪ ማውስ «ስቲምቦት ዊሊ» ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ሲደጋገም እውነት መስሎ ነው። ማክስና ዴቭ ፍላይሸር የሚባሉ ወንድማማቾች ከ1924 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ የዘፈን ካርቱን ይሠሩ ነበር። ድምፁን የሚቀዱት ፊልሙ ላይ ድምፅ በሚያትመው በሊ ዲ ፎረስት ፈጠራ፣ በፎኖፊልም ነው። የዘፈኑ ግጥም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ አንዲት ኳስ ከቃል ወደ ቃል እየነጠረች ሕዝቡን ታዘፍናለች። የፖል ቴሪ «ዲነር ታይም»ም ቢሆን በ1928 ከሚኪ ቀደም ብሎ ታይቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተረሱ?

መልስ፦ ፎኖፊልም የነበራቸው ሲኒማ ቤቶች ጥቂት ናቸው። «ዲነር ታይም» ደግሞ ድምፅ ቢኖረውም ድምፁና ሥዕሉ እምብዛም አይገናኙም። ኅዳር ላይ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1928፣ ኒውዮርክ ኮሎኒ ቴአትር የታየው «ስቲምቦት ዊሊ» ግን ሌላ ነገር ነው። ፍየሏ የሙዚቃ ወረቀት ትበላለች። የሚኪ ጓደኛ ሚኒ የፍየሏን ጅራት ይዛ እንደ ድሮ ሸክላ ማጫወቻ ስታሽከረክረው ዜማው ከፍየሏ አፍ ይወጣል። ሚኪ የላሟን ጥርስ ሲመታ እያንዳንዱ ምት ከሙዚቃው ጋር ልክክ ይላል። ሕዝቡን ያስደነቀው ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። እንዴት አገጣጠሙት?

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ! ዊልፍሬድ ጃክሰን የሚባል ወጣት የዲዝኒ ሠራተኛ ነበር፤ እናቱ ሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም አመጣ። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል። ስለዚህ ሙዚቃው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከመታ ለአንድ ምት 12 ሥዕል ይደርሰዋል። ሂሳቡ ይኼው ነው። ሠዓሊው አንድም መስመር ሳይሰምር የሚኪ እግር የትኛው ሥዕል ላይ መሬት እንደሚነካ ያውቃል።

ኦርኬስትራው ግን አስቸገረ። ኒውዮርክ ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ቀረጻ ከሸፈ። ዋልት ዲዝኒ ለሁለተኛው ቀረጻ ገንዘብ እንዲገኝ መኪናውን ሸጠ። በዚህኛው ፊልሙ ላይ የምትነጥር ኳስ ተደረገችና ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው እሷን እያየ ፍጥነቱን ጠበቀ።

ምስጋናው ሁሉ ለዲዝኒ ብቻ ሲሰጥ ያሳዝነኛል። አብዛኛውን የሳለው አብ አይወርክስ ነው፤ የጃክሰንን ስም ደግሞ ስንቱ ያውቀዋል?

ጥያቄ፦ የሚኪ ድምፅስ የማን ነው?

መልስ፦ የራሱ የዲዝኒ። እዚያ ፊልም ላይ ግን የረባ ንግግር የለም። አፍና ቃል ሲገጥሙ ማየት ከፈለጋችሁ ሃርማንና አይዚንግ የሚባሉ ካርቱን ሠሪዎች በ1929 ለሙከራ የሠሩትን «ቦስኮ» እዩ። ገጸ ባሕሪው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የሚያላግጥ ሥዕል መሆኑን ግን እያወቃችሁ እዩት፤ የዘመኑ ካርቱን በዚህ ዓይነት ነውር የተሞላ ነው።

ጥያቄ፦ «ስቲምቦት ዊሊ»ን በነፃ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ አዎ። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አብቅቷል።