የድንጋይ ካባ ፈቃድ እና የአጎራባች ገበሬዎች መብት

ጥያቄ፦ የሰሜን ሸዋ ነዋሪ የሆኑ አንባቢ፣ ከእርሻቸው አጠገብ የተከፈተ የድንጋይ ካባ በድማሚት ፍንዳታ የቤታቸውን ግድግዳ እንደሰነጠቀ፣ መንደሩ የሚጠጣውንም ምንጭ እንዳደፈረሰ ጽፈውልናል። ለቀበሌው ቢያመለክቱ «ድርጅቱ ፈቃድ አለው፤ ማዕድኑም የመንግሥት ነው» ተብለዋል። ለካባው ለተወሰደባቸው መሬት ካሳ ተቀብለው መፈረማቸውም መብታቸውን ያሳጣቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ማዕድኑ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) ይህንኑ ይደነግጋል። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 44(1) ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ያረጋገጠ ሲሆን፣ በአንቀጽ 40(7) መሠረትም በጉልበትዎና በገንዘብዎ የሠሩት ቤት የግል ንብረትዎ ነው። ስለዚህ የቀበሌው መልስ የድንጋዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ከመናገር አልፎ፣ ለቤትዎና ለምንጩ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ አይነካም።

ፈቃዱን በተመለከተ ሕጉ የማያሻማ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 3 የጥናት ሪፖርት መጽደቁ ወይም ፈቃድ መሰጠቱ ባለፕሮጀክቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ከኃላፊነት እንደማያድነው ይገልጻል። የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት ሊሆንና የማኅበረሰቡ አስተያየት ሊጠየቅበት እንደሚገባ አዋጁ ያዛል። የግንባታ ማዕድናት ፈቃድ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የሚሰጠው በክልል በመሆኑ፣ የፈቃዱንና የጥናቱን ቅጂ ከክልሉ የማዕድንና የአካባቢ ጥበቃ አካላት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ያለበትን ቅጂም ይያዙ። ጥናት ሳይደረግ ካባው ተከፍቶ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ የአቤቱታ ምክንያት ይሆናል።

ግድግዳውን በሚመለከት በእኔ እምነት ጠንካራው መሠረትዎ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት በሚፈነዱ ነገሮች በመጠቀም ወይም የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ሲያስከትል ይጠየቃል። አንቀጽ 2086 ደግሞ «ጥፋት አልሠራሁም» ወይም «ልከላከለው አልችልም ነበር» የሚለውን መከላከያ ስለማይቀበል፣ ድርጅቱ ፍንዳታውን በጥንቃቄ ማካሄዱን ማስረዳቱ ብቻ ነጻ አያወጣውም። እርስዎ ማስረዳት የሚኖርብዎ ጉዳቱ የደረሰው በፍንዳታው ምክንያት መሆኑን ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚበረታውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ስንጥቁን ቀኑን በሚያሳይ ፎቶግራፍ ይያዙ፣ ፍንዳታው የተካሄደባቸውን ቀናትና ሰዓታት ይመዝግቡ፣ ቤቱን ካባው ከመከፈቱ በፊት የሚያውቁ ምስክሮችን ያዘጋጁ፤ ፍርድ ቤቱም ባለሙያ እንዲመድብ ይጠይቁ። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በአንቀጽ 2143 መሠረት በይርጋ ይታገዳል።

ምንጩ የመንደሩ ሁሉ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የተለየ ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ብዙ አቤቱታዎች የሚወድቁት በቃል ብቻ ስለሚቀርቡና እነዚህ ቀናት ስለሚያልፉ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የፈረሙበትን ሰነድ ሳላይ የመጨረሻ ቃል መስጠት አልችልም። ሆኖም ለተወሰደ መሬት የሚከፈል ካሳ የይዞታው ማካካሻ እንጂ ከዚያ በኋላ በቀረው ንብረትዎ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተሰጠ ይቅርታ አይደለም፤ ሰነዱ የወደፊት ጉዳትን የሚጠቅስ ቃል ካለው ግን ለጠበቃ ያሳዩት።

በካባው ላይ ሥራ ያገኙ የመንደሩ ወጣቶች ክሱን እንደሚቃወሙም ጽፈዋል። ስጋታቸው ተገቢ ስለሆነ አቤቱታዎ ካባው እንዲዘጋ ሳይሆን ፍንዳታው ደረጃውን እንዲጠብቅ፣ ምንጩ እንዲጸዳና ካሳ እንዲከፈል ቢጠይቅ ይሻላል። ጎረቤቶችዎ ተመሳሳይ ጉዳት ካለባቸው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት በፍርድ ቤት ፈቃድ በተወካይ መክሰስ ትችላላችሁ፤ ቤቱ የመፍረስ አደጋ ካንዣበበበት ደግሞ ከክሱ ጋር በአንቀጽ 154 መሠረት ፍንዳታው ለጊዜው እንዲታገድ ያመልክቱ።